ብራንደንን በጥር

በእኛ በጋይንት በኩል ወደ መተማና ወደ ቋራ የወረደ ሰው ብዙ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ አንድ ደግ ነገር ነበረው፤ ሕዝቡ ከመነሣቱ በፊት ተወካዮች ተመርጠው ይሄዱና አገሩን አይተው ይመለሳሉ። በ1977ቱ ሰፈራ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲጓጓዝ እንዲህ ያለ ወግ አልነበረም። ከእኛ ቀበሌ የሄዱት ተመልሰው ያወሩት ስለ ሜዳው ነው፤ ድንጋይ የሌለበት ጥቁር አፈር፣ የተከመረ ሰሊጥና ማሽላ፣ በሬ ሳይደክም የሚውልበት ማሳ። የሄዱት በበጋ ነበርና ወባውን አላዩም። ወባ ከዝናቡ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው የሚበረታው። አንድ ጎረቤታችን ክረምቱን ከርሞ ወደ ደጋው ተመለሰ። የሰፋሪ መሬት ለሦስት ዓመት ይጠበቃል ተብሎ ስለነበር መመለሻ አላጣም። «አገሩ እንዴት ነው?» ሲሉት «ለማየት ጥሩ ነው» ይል ነበር።

እኔና ባለቤቴ ከቶሮንቶ ወደ ማኒቶባ ገጠር እንሂድ አንሂድ ስንባባል ትዝ ያለኝ ያ ሰው ነው። ቶሮንቶ ላይ ደመወዛችን ከኪራይ አልፎ አያውቅም። ማኒቶባ ደግሞ ሰው ትፈልጋለች፤ የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ገጠርና ወደ ሰሜን ከተሞች ስደተኛ ለመሳብ የሙከራ ፕሮግራም ሲከፍት ከተመረጡት 11 ቦታዎች አንዷ ብራንደን ነበረች። የሄዱ ወዳጆቻችን የሚልኩልን ፎቶ ሁሉ የሐምሌ ነው፤ ቢጫ የካኖላ አበባ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ በሣር ላይ የሚሮጡ ልጆች። ባለቤቴ «ደስ ይላል፣ በሐምሌ እንሂድና እንየው» አለች። እኔ ጥርን መረጥኩ። አገር የሚታየው በክፉ ወሩ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ቲኬቱም ርካሽ ነበር።

ከዊኒፔግ ወደ ምዕራብ፣ አንድ ቁጥር በሚባለው አውራ ጎዳና፣ ብራንደን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ገደል አይቶ ላደገ ሰው ይህ መንገድ ግራ ያጋባል። ከጨጨሆ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር አያጣም፤ እዚህ ግን ሰማይና ምድሩ አንድ ነጭ ነው። ነፋስ ሲነሣ በረዶው ከላይ አይወርድም፣ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ጎን ይሮጣል። ያን ጊዜ ከፊት ያለው መኪና ቀይ መብራት ብቻ ይቀራል፤ እሱም ሲጠፋ መንገዱ ይዘጋል። ሰው በመኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ክብሪትና አካፋ ይዞ ነው የሚጓዘው። ዳር የቆመ መኪና አይቶ ማለፍ ደግሞ እንደ ነውር ይቆጠራል። ቶሮንቶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

የተቀበሉኝ ሰው የስማዳ ተወላጅ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። የተወለዱት ወደ በሽሎ በሚወርደው በቆላው በኩል ነው። እኔ የነፋስ መውጫ ልጅ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደግኩ፣ ባና ለብሼ የጉናን ነፋስ ስጠጣ የኖርኩ መሆኔን በስልክ ነግሬያቸው ነበር። ከመኪና ስወርድ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ደርቆ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው ሰጡኝና «በል የጋይንቱ፣ ትንፋሽህን በአፍህ አትሳብ፣ ያስልሃል» አሉኝ። ቴርሞሜትሩ 31 ከዜሮ በታች ይላል።

የብርዱን ነገር ትንሽ ላብራራ፤ አገር ቤት ያለ ሰው «እኛስ ውርጭ መቼ አጣን» ይላልና። እውነት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጉና ሥር ከብት የሚጠጣበት ውሃ ጠርዙ ይረጋል፣ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ እረኛው ደበሎውን አጥብቆ ይይዛል። ግን አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ውሃውም ይፈታል፣ እረኛውም ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀመጣል። የእኛ ብርድ የሌሊት ነው፤ ቀኑ ይሽረዋል። የብራንደን ብርድ የወራት ነው። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትገባለች፣ በመካከሉም አንድም ነገር አታሞቅም። ታበራለች እንጂ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን እንዲያውም ብርዱ ይብሳል። ነፋሱ ተጨምሮበት የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ሲያልፍ የተጋለጠ ገላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የአየር ትንበያው ይህን የሚናገረው ዝናብ አለ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ ነው።

መኪኖቹን ሳይ መጀመሪያ የተበላሹ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ከፊታቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ውስጥ ብሎክ ሂተር የሚባል ማሞቂያ አለ፤ ማታ መኪናውን ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክተህ ታድራለህ። ካልሰካህ ዘይቱ ወፍሮ፣ ባትሪው ደክሞ ጠዋት አይነሣም። የአፓርታማ ኪራይ ስትጠይቅ ፓርኪንጉ ሶኬት አለው ወይ ብለህ ነው የምትጠይቀው። ይህን በሐምሌ የመጣ ሰው ከየት ያውቀዋል?

ጋሼ የሚሠሩት በካርቤሪ አቅጣጫ፣ በአንድ ገበሬ የድንች መጋዘን ነው። ካርቤሪ ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላባት ከተማ ስትሆን የማኬይን የችፕስ ፋብሪካ እዚያው አለ። «ድንች ለጋይንት ሰው ምን ይነገረዋል» ብለው ቀለዱና ወሰዱኝ። ከውጭ ሲታይ በበረዶ የተከበበ ግማሽ በርሜል የሚመስል ትልቅ ቤት ነው፤ ግድግዳው በወፍራም መከላከያ ተሸፍኗል። በሩን ከፍተው ቶሎ ዘጉት። ውስጡ ጨለማ፣ እርጥብና ለብ ያለ ነው። ድንቹ ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ ተከምሯል፣ ከሥሩ በወለሉ ቦይ አየር ይነፋበታል። የአፈር ሽታ አፈነኝ። ከቤት ውጭ አፈር የሚባል ነገር አላየሁም ነበር፤ ሁሉም በበረዶ ሥር ነው።

እኛ ዘንድ ድንች ሲደርስ ሁሉም አይቆፈርም። መሬት ውስጥ ይቆይና ለወጥም ለገበያም ሲፈለግ ይወጣል፤ መሬቱ ራሱ ጎተራ ነው። ማኒቶባ ላይ ይህን ያደረገ ገበሬ ይከስራል። ውርጩ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ መሬት ይገባል፤ የከተማው የውሃ ቧንቧ እንኳ ከሁለት ሜትር በላይ ተቀብሮ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ድንቹ በመስከረም ወር ውስጥ ተለቅሞ ማለቅ አለበት። ከዚያ እስከ ሚያዝያና ግንቦት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ መጋዘን ውስጥ በሕይወት መቆየት አለበት። ራሰት በርባንክ የሚሉት ረጅም ድንች ነው። ሙቀቱ ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ይጠበቃል። ከዚያ ቢሞቅ ያቆጠቁጣል፣ ይበሰብሳል። ቢቀዘቅዝ ደግሞ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ችፕሱ ሲጠበስ ይጠቁራል፤ ፋብሪካውም አይቀበለውም። የጋሼ ሥራ ይህን መጠበቅ ነው። ማራገቢያው ሲቆም ስልካቸው ይጮኻል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥተው በዚያ ብርድ ይነዳሉ። «የራሴን ቤት ማሞቂያ እንዲህ ጠብቄው አላውቅም» አሉኝ።

ማታ ባለቤታቸው እንጀራ አቀረቡልን። ሊጡን የሚያቦኩት ምድር ቤት፣ ፈርነስ ከሚባለው የቤት ማሞቂያ አጠገብ ነው፤ ሌላ ቦታ ካስቀመጡት አይቦካም። ስለ ብርድ ጠየቅኳቸው። «ብርዱን ትለብስለታለህ፤ ልብስ የማይሠራለት ጨለማው ነው» አሉ። በጨለማ ሥራ ገብተው በጨለማ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያለ ምክንያት ያለቅሱ ነበር፤ ሐኪም ቫይታሚን ዲ አዘዘላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በየሳምንቱ ቡና ማፍላትና ጎረቤት መጥራት ጨመሩበት። ለጥምቀት ዊኒፔግ ይወርዳሉ፣ መንገዱ ከተዘጋ ግን በስልክ ያስቀድሳሉ። «ባለቤትህ የማን አገር ልጅ ናት?» አሉኝ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ማደጓን ነገርኳቸው። «እንግዲያ ሰው ትወዳለች፤ ብቻዋን አታስቀምጣት» አሉኝ። በዚያ ጉዞ ከሰማሁት ምክር ሁሉ አብልጬ የምመዝነው ይህንን ነው፤ ስለ ጃኬትና ስለ ቡትስ የሚመክር ሰው የትም ይገኛል።

ለሽያጭ የቀረበ ቤትም አየን። በቶሮንቶ ዋጋ ለጓዳ እንኳ የማይበቃ ገንዘብ እዚህ ሦስት መኝታ ቤት፣ ግቢና ጋራዥ ይገዛል። ደላላዋ ወለሉን፣ ወጥ ቤቱን፣ አዲሱን ፈርነስ እያሳየችኝ ልቤ ተከፈተ። ጋሼ ግን ቀጥ ብለው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። በስልካቸው መብራት ግድግዳውን ከታች ጀምረው እየቃኙ ሄዱና አንድ ጥግ ላይ ቆሙ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከአዲሱ ቀለም ሥር፣ ቡናማ መስመር ይታያል። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀለሙ ተላጠ።

«በረዶው የት የሚሄድ ይመስልሃል?» አሉኝ በአማርኛ፣ ደላላዋ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከኅዳር ጀምሮ የተከመረው ሁሉ ሚያዝያ ላይ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል፤ መሬቱ ከሥር ገና እንደረጋ ስለሆነ ውሃው አይሰርግም፣ ቤት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሲኒቦይን ወንዝ ሞልቶ ብራንደንን እንዳስጨነቃት ነገሩኝ፤ ያን ጊዜ ወንዙ በከተማው የሚገኙ ሰፈሮችን እንዳይውጥ የአሸዋ ከረጢት እንደ ግድብ ይከመር ነበር። ከወንዝ ርቆ ያለ ቤትም ከራሱ ግቢ በረዶ አያመልጥም። እኔ ብርዱን ካየሁ አገሩን ያየሁ መስሎኝ ነበር። ጋሼ እንደሚሉት ግን ማኒቶባ ሁለት ክፉ ወር አላት፤ ጥር የሰው ነው፣ ሚያዝያ የቤት።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ። ስለ ሶኬቱ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ጨለማው፣ ስለ ቡናማው መስመር ሁሉንም ነገርኳት። እዚያ ያሉት የአረጋውያን መጦሪያዎች ሠራተኛ እንደሚፈልጉም ነገርኳት፤ የእሷም ሥራ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ። ትንሽ ዝም አለችና በመጀመሪያ የጠየቀችው የጋሼ ባለቤት ቡና የሚያፈሉት በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ስለ ቤቱ ተነጋገርን። መጀመሪያ ተከራይተን አንድ ክረምት እንድንሞክረው፣ ግዢውን እንድናቆየው ተስማማን። ከገባንም በሰኔ ሳይሆን በጥቅምት መጀመሪያ ይሁን የሚለውን የጋሼን ምክር ተቀበለች፤ ብርዱ ቀስ እያለ ሲመጣ ሰውነት ይለምደዋል ብለው ነበር።

«ሚያዝያ ላይስ?» አልኳት።

«አንተ ብርዱን አይተሃል፤ ውሃውን እኔ ሄጄ አየዋለሁ» አለችኝ። በማግስቱ ከሥራ ቦታዋ የሚያዝያን ፈቃድ ጠየቀች።