ከእባቧ እስከ ኩኩሉ

ለዕረፍት ዋሂል ስንገባ የአያታችንን ባለ ባትሪ ኖኪያ 1100 አገኘናት። የእባቧ ጨዋታ መጀመሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ከኖኪያ 6110 ጋር የመጣች ናት፤ ቀለም የላትም፣ ኢንተርኔት አትጠይቅም። በበላች ቁጥር ትረዝማለች፤ ጅራቷን ስትነክስ ያበቃል። ዛሬም ትጥማለች።

በስማርት ስልካችን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን ኩኩሉን ሞከርን። የምትሸሸው ዶሮ አገራችንን አገራችንን ትሸታለች፤ ወደድናት። ግን ሩጫዋ ማብቂያ የለውም፤ «አንዴ ብቻ» ስንል መግሪብ አለፈን። አያታችን ብቻቸውን ሰግደው ነበር። አልተቆጡንም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ በላይ ከበደን። ቀዷ አወጣን።

ጨዋታ አንጠላም። ከዚያ ወዲህ ግን አዛን ሲሰማ ስልኩን አስቀምጠን ከአያታችን ኋላ እንሰለፋለን።