አሰቦት፦ እናቴን ያገኘሁበት ጣቢያ

ከአዲስ አበባ ጭሮ 326 ኪሎ ሜትር ነው። የዘመድ ሠርግ ስለነበረብን ማልደን ተነሣን። እናቴና እኔ ከኋላ ተቀምጠናል፤ በመካከላችን የኢንሱሊኗ ማቀዝቀዣ ቦርሳ አለ። አዋሽን አልፈን ቆላው ሲግል ቦርሳውን በየደቂቃው እነካካለሁ። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ላይ በቀጥታ ቢቀመጥም ቀዝቅዞ ከረጋ አይሆንም። ይህን ሁሉ ከእሷ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

እናቴ ስኳር ከተገኘባት 17 ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ዓመታት ግብዣ ቀረ፣ ጉዞ ቀረ፣ ማኅበርም ቀረ። “እኔ በሽተኛ ነኝ፣ ተዉኝ” የዘወትር መልሷ ሆነ። እኛ ልጆቿም አልተከራከርናትም። እንግዳ ሲመጣ ገና አፏን ሳትከፍት “ስኳር በሽተኛ ናት” የምለው እኔ ነበርኩ።

አሰቦት ስንደርስ “እዚህ ቁሙልኝ” አለች። አሰቦት ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ጣቢያ ነበራት። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው በዚህች ከተማ ነው። ከወጣች ወዲህ ግን ተመልሳ አታውቅም።

ከከተማዋ በላይ የአሰቦት ተራራ ይታያል። የአቡነ ሳሙኤልና የቅድስት ሥላሴ ገዳማት ያሉት እዚያ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደኑ ሲቃጠል መናንያኑና ከየከተማው የሄዱ ምእመናን እሳቱን ለማጥፋት እንዴት እንደተረባረቡ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እኛ ስንደርስ ተራራው አረንጓዴ ለብሷል። ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥንና “እማማ፣ ያ የተቃጠለው ተራራ ይሄ ነው?” አልኳቸው።

“ይሄ ደብረ ወገግ ነው” አሉኝ።

ስኳሩን ማንኪያ ሞልተው ወደ እናቴ ብርጭቆ ሲያዘነብሉ ጮህኩ፦ “እንዳይጨምሩባት! ስኳር በሽተኛ ናት!”

ሴትዮዋ ማንኪያውን መለሱ። እኔን ትተው እናቴን ትኩር ብለው አዩዋትና “አንቺ የማን ልጅ ነሽ?” አሏት። እናቴ የአባቷን ስም ጠራች።

“ውይ! ከባቡሩ እኩል የምትሮጠዋ!”

እናቴ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዓመቴ! እዚህ ከተማ ውስጥ በሽተኛ መሆኗን የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቋት ሯጯን ነው።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ጣቢያው በእግሯ ሄደች። ሐኪሟ ለዓመታት “በእግርሽ ተንቀሳቀሽ” ሲላት ጉልበቴን፣ ደከመኝ፣ ፀሐዩ እያለች ስታልፈው የኖረችው እናቴ ቀድማኝ ትራመዳለች። “ስኳርሽ ቢወርድስ?” ብዬ ተከተልኳት። ሳትዞር ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ አሳየችኝ። ለካስ ሁሉንም ታውቃለች። እኔ ነኝ እንደማታውቅ የቆጠርኳት።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ አነጋገር አለው። “ስኳር አለብኝ” እንላለን፤ “ሥራ አለብኝ”፣ “ዕዳ አለብኝ” እንደምንለው። ያለብንን ነገር ተሸክመን እናት፣ ጎረቤት፣ ሯጭ መሆን እንችላለን። “በሽተኛ ነኝ” ስንል ግን ለሌላው ማንነታችን ቦታ አናስቀርለትም።

እናቴ ከስኳር አልዳነችም። ኢንሱሊኗን አላቆመችም፤ ማቆምም የለባትም። ምርመራዋንም እንደ ቀድሞው በቀጠሮዋ ትከታተላለች። ከአሰቦት በኋላ የተለወጠው ሌላ ነው። ማኅበሯን ጀምራለች፤ ጠዋት ጠዋትም ከጎረቤቷ ጋር በእግሯ ትሄዳለች። የእኔ መለወጥ ይበልጥ ከብዶኛል። መንከባከብ የመሰለኝ ነገር ስሟን እየነጠቃት እንደነበር መቀበል ቀላል አይደለም።

የዚያን ቀን ጭሮ ስንገባ ቦርሳውን ከእጄ ተቀብላ በትከሻዋ አንጠለጠለችው። የሠርጉ ቤት ሰዎች ከበቡንና አንዷ ዘመዳችን እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞራ “እናትሽ ጤናዋ እንዴት ነው?” አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩትና “አጠገብሽ ቆማለች፤ እሷን ጠይቂያት” አልኳት።