የሚጠይቃቸው ያጡ ጓሮዎች

ይኸው ክረምት ገባ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ሻንጣውን ፈትቷል፤ ፈተናውን የጨረሰው ውጤቱን ይጠባበቃል። «ዘንድሮ የት እንሂድ?» የሚለው ጨዋታም ተጀምሯል። አንዱ ሐዋሳን ያነሣል፣ ሌላው ላሊበላን፤ ኪስ ሲፈተሽ ግን ጨዋታው ያልቅና ሁሉም ወደ ስልኩ ያቀረቅራል። እኔ በታክሲ፣ ካልሆነም በእግር የሚደረስበት ሐሳብ አለኝ፤ በዚህ ክረምት የአትክልት ቦታ ጠይቁ።

«ጎብኙ» ሳልል «ጠይቁ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። በቋንቋችን የታመመ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ እስረኛ ይጠየቃል። መልስ የምንፈልግበትም ቃል ይኸው ነው። ጎብኚ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ ጠያቂ ግን ቁጭ ይላል፣ «እንዴት ከረማችሁ?» ይላል፣ የሚነገረውንም ይሰማል።

የአትክልት ቦታ ሲባል ስሟ ቶሎ የሚነሣው ጣሊያን ናት። እዚያም ቢሆን ሕዝቡ የሚጎርፈው ስመ ጥር ወደሆኑት ነው፤ ለምሳሌ በሮም አቅራቢያ ቲቮሊ ወዳለው ቪላ ዴስቴ፣ ውኃው ያለ ሞተር በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ ወደሚፈናጠርበት። ከሮም በስተ ደቡብ ያለችውን ኒንፋን የሚያውቃት ግን ያንሳል። ኒንፋ በ14ኛው መቶ ዘመን በጦርነት የፈረሰች ከተማ ነበረች። በ20ኛው መቶ ዘመን ካኤታኒ የተባለው ቤተሰብ በፍርስራሹ መካከል አትክልት ተከለ፤ ዛሬ ጽጌረዳው በፈረሱት ግድግዳዎች ላይ ይወጣል። ተክሉ እንዳይጎዳም ለሕዝብ የምትከፈተው በተመረጡ ቀናት ብቻ ነው።

የፓዶቫው ደግሞ እናንተን ተማሪዎቹን ይመለከታል። በ1545 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሕክምና ተማሪዎች መድኃኒት የሚሆነውን ዕፅ ከሌላው ለይተው እንዲማሩበት ነው። በ1585 የተተከለ አንድ ዘንባባ እስካሁን አለ። ጀርመናዊው ጸሐፊ ጎተ በ1786 እዚያ ደርሶ ያንን ዘንባባ ተመለከተ፤ ስለ ተክሎች ቅርጽ ያሰላስለው የነበረውን ሐሳብ አጠነከረለት፤ ከአራት ዓመት በኋላም በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ዘንባባው ከተተከለ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። የተለየ ያደረገው የሚጠይቅ ዓይን ማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ እንጅባራ ሊደርስ ሲል ዘንገና ሐይቅን ለማየት ይወርዳል። 166 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውኃ ነው፤ ቢያዩት አይቆጭም። ጥርባም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ጥርባን ብሎ የሚወርድ ግን ጥቂት ነው። የእንጅባራን ሌላ ስም፣ ኮሶበርን፣ ስንጠራም ኮሶ ዛፉን እየጠራን እንደሆነ አናስተውልም። ቀይ የሚያብበው ሴቴው እንደሆነ፣ ወንዴው ለብቻው ሌላ ዛፍ እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ክረምት ሰባት ወጣቶች ይዤ ወደ ጥርባ ወረድሁ። ከሐይቁ ይልቅ የያዘን በመንገድ ያገኘነው የአንድ አባት ጓሮ ነው። «ቤቶች!» ብለን ተጣራን። ጌሳቸውን እንደ ደረቡ ወጡ፤ ውሻውን አስታግሠው «ግቡ፣ ዝናብ ሳይመጣ» አሉን። ጓሮው ቀርከሃ ነው። ክረምት የቀርከሃ መውለጃ ስለሆነ ቡቃያው መሬቱን እየሰነጠቀ ይወጣ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ አንዱ፣ ወፍራሙን እየነካ።

«እሱ የአምና ነው፤ ገና ልጅ ነው፣ አይቆረጥም። ያኛው የካቻምና። ይህ መልኩ የጠወለገው ደርሷል፤ ለአጥርም ለወንበርም ይሆናል።»

«ውፍረቱ አንድ ነው፤ በምን ለዩት?»

«ቀርከሃ ከበቀለ ወዲያ አይወፍርም፣ ልጄ። በቆዳው ነው የሚታወቀው። ና ንካው።»

ሁሉም በየተራ ነካ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከበደ፤ «ለልጆችዎ አሳይተዋቸዋል?» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ልጆቼ ከተማ ናቸው። ምስጢር አይደለም እኮ፤ የሚጠይቅ ጠፋ እንጂ።»

ወጣቶች፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የደረሰውን ከልጁ የሚለይ ሰው ከሌለ ቀርከሃው በአንድ ጊዜ ይጨፈጨፋል። ከዚያ ወዲያ በቦታው ምን እንደሚተከል መገመት አያስቸግርም፤ ከፋግታ ለኮማ ጀምሮ ኮረብታውን የሞላውን ዴከረንስን ታውቁታላችሁ። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራል፣ በአራት በአምስት ዓመት ከሰል ይሆናል። እኔ አልወቅሰውም፤ ስንቱን ቤት አቁሟል፣ ስንታችሁንም አስተምሯል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በሽታ ሲገባበት፣ ተስፋውን ሁሉ በእርሱ ላይ የጣለ ገበሬ ምን እንደ ሆነ አይታችኋል። ብዙ ዓይነት ያለበት ጓሮ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፈዋል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 መግደላዊት ማርያም ጌታን በአትክልቱ ስፍራ አግኝታው አትክልተኛ መሰላት። ዝም ብላ አላለፈችም፤ ጠየቀችው። እኛ ግን አትክልተኛውን አልፈን ስንሄድ ዓመታት ተቆጠሩ።

እንግዲህ ለመሄድ ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። በጠዋት ውጡ፤ የእኛ አገር ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ቦት ጫማ፣ ጃንጥላና ደብተር ያዙ። ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ ተጣሩ፤ ሳይፈቀድላችሁ ቅጠል አትቀንጥሱ። የሐይቆቹ ዳር ቁልቁለት ነው፣ ውኃውም ወዲያው ይጠልቃል፤ ለመዋኘት አትግቡ። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፤ ለሽማግሌ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ቡና አይከብድም።

ከዚያ ጠይቁ። ብሳናውን፣ ዶቅማውን፣ ጥቁር እንጨቱን በአማርኛም በአዊኛም ምን እንደሚሉት፣ ለምን እንደሚሆን፣ ማን እንደ ተከለው ጻፉ። አዊኛ የምትችሉ በቋንቋችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ስም የቀረው በአያቶቻችን አፍ ብቻ ነው። ከእያንዳንዳችሁ አንድ ጓሮ፣ አንድ ሰው፣ ሦስት ስም እፈልጋለሁ። መስከረም ሲጠባ ደብተሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባቸዋለን። የቀርከሃውን አባት ሰባቱ ልጆች ቀድመው ይዘዋቸዋል፤ እናንተ ሌላ በር ፈልጉ።