ሜዳ ፍለጋ በኦምዱርማን

የተጎዳ ጉልበት ይዞ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ኦምዱርማን ትልቁን ውለታ የምትውለው በሜዳነቷ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳገቷና ቁልቁለቷም ማብቂያ የለውም። ለጉልበት ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከፋል። ስንወርድ ክብደታችንን የሚገታው የፊት ጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ከሰለለ ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ኦምዱርማን ግን ካርቱምን ከወንዙ ማዶ እያየች፣ 380 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግታለች። ከሰፈር ሰፈር ስትሄድ እግርህ ዳገት እምብዛም አይገጥመውም።

እዚያ የከረምሁት ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ በጥር ወር ነበር። የጉልበቴ ጅማት በኳስ ሜዳ ከተጎዳ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ የምሠራውን ዘርዝራ ሰጥታኛለች፤ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ ግማሽ ቁጢጥ ማለት፣ ደረጃ መውጣት፣ በአንድ እግር መቆም፣ በሜዳ ላይ መራመድ። ሩጫና መጠማዘዝ ክልክል ነው። አጥብቃ ያሳሰበችኝ ግን እንዳላቋርጥ ነው። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ቶሎ ይሟሽሻል፤ ጉዞ ደግሞ ልማድን ማፍረሻ ነው። ካርቱም በኩል የመዋኛ ገንዳና ጂም ያላቸው ሆቴሎች ነበሩ፤ ዋጋቸው ግን እንደኔ ላለ መንገደኛ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ የኦምዱርማን ሰው የሚሠራበትን ቦታ መፈለግ ያዝሁ።

ሙራዳ፣ ማለዳ

የጥር ማለዳ በዚህ አገር ውድ ሀብት ነው። ጎሕ ሲቀድ ቀዝቀዝ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል። በግንቦት ከ40 በላይ ስለሚወጣ ያኔ ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለችውን ጥቂት ሰዓት አጥብቆ መያዝ አለበት። እኔም እንደ አካባቢው ሰው ከአዛን በኋላ ተነሥቼ ወደ ሙራዳ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶና ትላልቅ የአባይ ዓሣ ያራግፋሉ። ከዓሣ ገበያው አለፍ ሲሉ መንገዱ ደልዳላ ነው። ጃላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚራመዱ ሽማግሌዎች፣ ዱብ ዱብ የሚሉ ወጣቶች ያጋጥማሉ። መክፈል የለ፣ መመዝገብ የለ።

ከፊቴ ከጣና የወጣው አባይ ከነጩ አባይ ጋር የሚገናኝበት ሙግረን አለ። ውሃው ያጓጓል፤ መዋኘት ጉልበትን ሳይጫን ጡንቻ የሚያሠራ በመሆኑ ልቤ ተነሣስቶ ነበር። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅን ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ላይ ላዩን የተኛ የሚመስለው ውሃ ከሥሩ ይስባል፤ ደኅና እግር ያለውን ዋናተኛ እንኳ ይወስዳል አሉኝ። ምክራቸውን ሰማሁ። የወንዙ ዳር የድንጋይ እርከን ደረጃ መውጫዬ ሆነ። ጤነኛው እግር አስቀድሞ ይወጣል፤ ሲወረድ የተጎዳው ይቀድማል።

ስመለስ በሱዳኑ መሪ በመህዲው መቃብርና በተተኪው በኸሊፋው ቤት በኩል አልፋለሁ። መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1898 በከረሪ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዞች መድፍ ተመትቶ፣ ኋላም ፈርሶ፣ በ1947 እንደገና የተሠራ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከኸሊፋው ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ሲወድቁ ራሳቸው ተቆርጦ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው። እዚያ ጋ ስደርስ እርምጃዬን የማዘገየው ለጉልበቴ ስል ብቻ አልነበረም።

ዓርዳ፣ ከዐሥር በኋላ

የኸሊፋው ሠራዊት ለሰልፍ ይወጣበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ዓርዳ የሚባለው ሰፈር ነው። የሁለቱ የኳስ ክለቦች፣ የሂላልና የመሪኽ፣ ስታዲየሞችም እዚሁ አካባቢ፣ የተቀናቃኝነታቸውን ያህል ተቀራርበው ይገኛሉ። ሱዳንና ኳስ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 የተካሄደው በካርቱም ነው፤ የኛም ቡድን ከሱዳንና ከግብፅ ጋር እዚያ ነበር።

ለኔ ግን የጠቀሙኝ ከስታዲየሞቹ ውጭ ያሉት የአፈር ሜዳዎች ናቸው። ፀሐይ ስትበርድ የሰፈሩ ልጆች ለዳፉሪ ይወጣሉ፤ የሰፈር ኳሳቸውን እንዲህ ነው የሚሉት። እነሱ መሐሉን ሲይዙ እኔ ዳር ዳሩን እዞራለሁ። አፈሩ ከአስፋልት ይለሰልሳል። ልቅ አሸዋ የሆነው ቦታ ግን ቁርጭምጭሚትን ያወላግዳል፤ ጉልበትም አብሮ ይጣመማል። ስለዚህ የኳሰኞቹ እግር የደለደለውን መስመር ይዤ ነው የምሄደው። አንዳንዴ ኳሷ ወደኔ ስትመጣ በእጄ አንሥቼ እወረውራለሁ። ልጆቹ አንካሳነቴን አይተው «ከፋራ፣ ያ ሐበሺ!» ይሉኛል፤ በኛ አገር «ይማርህ» እንደሚባለው።

ከሜዳው ጀርባ፣ ከአንድ ጋራዥ ጎን፣ የሰፈር ጂም አገኘሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ ማራገቢያ፣ ከብረት ቱቦና ከሲሚንቶ የተሠሩ ክብደቶች። ለቀኑ የሚከፈለው የአንድ ሰሐን ፉልና የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ አይሞላም ነበር። አሠልጣኙ ሽበት የጣለ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች ነው። «ያ ዓም»፣ አጎቴ፣ እያልሁ ነበር የምጠራው። ልክ እንደገባሁ ብረት ሊያሸክመኝ የፈለገ ወጣት ነበር፤ ያ ዓም ግን እጁን አውርዶለት ጉልበቴን በሁለት መዳፉ ያዘና አጥፌ እንድዘረጋው አደረገኝ። «ሹወያ ሹወያ» አለኝ፤ ቀስ በቀስ። ከዚያ የሱን ጉልበት ገልጦ የድሮ ጠባሳ አሳየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥግ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበርና የምደገፍባት ግድግዳ የኔ ሆኑ። እንደዚህ ባሉ ጂሞች የሴቶች ሰዓት ብዙ ጊዜ ለብቻው ነበር፤ በአንዳንዱ ጨርሶ አልነበረም። እኅቶቼ ከመክፈላቸው በፊት ይህን እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

ሱቅ ኦምዱርማን

መሣሪያ ያሟላሁት ከገበያ ነው። ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ያረጀ ካላማዳሪ በሳንቲም ገዛሁ። ከአልጋ እግር ጋር አስሬ ቁርጭምጭሚቴን ሳስገባበት በሱቅ ከሚሸጠው የልምምድ ላስቲክ የሚያንስበት ነገር የለም። በረዶ በብሎክ ይሸጣል፤ ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልዬ ማታ ማታ ያበጠው ላይ አሳርፋለሁ። በማግሥቱ ጠዋት እብጠቱ ካልሟሸ የዚያን ቀን ሥራ ግማሹን እቀንሳለሁ።

ከተማይቱ ጉልበትን የምትፈትንበትም አለ። ሻይ የሚጠጣው ከመሬት ብዙ በማይርቅ በንበር በሚባል በገመድ የተጠለፈ ዱካ ላይ ነው፤ ከሱ ላይ መነሣት ላመመው ሰው ጭንቅ ነው። መጸዳጃውም ብዙ ቦታ ቁጢጥ ያስብላል። ሱቁ ዳር ቡና የምታፈላ የመተማ ልጅ ግን ገና ስታየኝ ከፍ ያለ ወንበር ከባለሱቁ ተውሳ አመጣችልኝ። «ወንድምዓለም፣ እዚህ ላይ ተቀመጥ፤ እግዜር ይማርህ» አለችኝ። ዝንጅብል ያለበትን ቡናዋን እየጠጣሁ፣ ከወንበሩ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥን ልምምድ አደረግሁት። የአገር ልጅ ከጂም የማይገኝ ነገር ይሰጣል፤ የትኛው ሰፈር ውሻ እንደሚበዛበት፣ የትኛው መንገድ ማታ መብራት እንዳለው የነገረችኝ እሷ ናት። በየአጥሩ ሥር ለመንገደኛ የሚቀመጠውን የሸክላ ዚር ውሃም ያሳየችኝ እሷው ናት፤ ሆዴ እንዳይታወክ ብዬ ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ብይዝም ፊቴን የምታጠበው በዚሩ ነበር።

ዓርብ

ዓርብ ጂሙ ይዘጋ ነበር፤ ጡንቻም ማረፊያ ቀን ያስፈልገዋል፤ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነውና። ከሰዓት በኋላ የቃዲሪያ ደርቪሾች አረንጓዴና ቀይ ለብሰው ዚክር ወደሚያደርሱበት ወደ ሼኽ ሐመድ ኒል መቃብር ሄድሁ። ፀሐይ እስክትገባ ከበሮው አይቆምም። እኔ ግንብ ተደግፌ ቆምሁ። አጠገቤ የነበሩ ሰው ምርኩዜን አይተው ምንም ሳልጠይቃቸው ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

ከዚያ ወዲህ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈነዳ። ከኦምዱርማን ወደ ባሕሪ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ካርቱም፣ የሚያሻግረው የሸምባት ድልድይ ፈረሰ፤ ገበያው ነደደ፤ ሂላልና መሪኽ በስደት ሞሪታንያ ሊግ ውስጥ እስከመጫወት ደረሱ። ሬሳ ወደ መካነ መቃብር ማድረስ ባልተቻለባቸው ወራት ሰዎች በየግቢውና በየሰፈሩ ሜዳ ቀበሩ። እኔን ያቆመኝ አፈር ለሌሎች ማረፊያ ሆነ። ጥይትና ፍንጣሪ ያቆሰለው፣ እግሩን ያጣ፣ እንደገና መራመድ የሚማር ሰው ዛሬ በዚያች ከተማ ስንት እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል።

ለዚህ ነው ማስታወሻውን ለተጓዦች ብቻ ያልጻፍሁት። ተጎድቶ ለሚጓዝ ሰው በእርግጥ የምለው አለ። ከመነሣትህ በፊት የምትሠራውን ከባለሙያ ተቀበል፤ ከደረስህ በኋላ የአገሬው ሰው የሚራመድበትን ሰዓትና ቦታ ጠይቅ፤ ደልዳላ መሬት፣ የምትደገፈው ግድግዳና አንድ እርከን ካገኘህ ብዙውን አገኘህ። ይህ እንዲሆን ግን መሬቱ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ኦምዱርማን ስትጠገን ከቤቱና ከድልድዩ ጋር የሰፈሩ ሜዳም ይቆጠር። እኛም በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር ሕንፃ ብቻ አይታየን። ገንዘብ የሌለው ሕመምተኛ ሐኪም የጀመረለትን ሕክምና የሚጨርሰው እዚያ ነው።