ከደሴ እስከ ኦሃዮ፦ ያየሁትና የታዘብኩት



ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ከሁለት ጥያቄዎች አያመልጥም። አንደኛው «ለምን ተመለስሽ?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው «እውነት እንደሚወራው ነው እንዴ?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ የሄድኩት በልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ የትምህርት ዘመን ነበርና ጊዜው ሲያልቅ ተመለስኩ። በሁለተኛው ላይ ግን ጠያቂዎቼ መልሱን አስቀድመው ይዘውት ይመጣሉ። ግማሾቹ ምድራዊ ጀነት ነው እንድላቸው ይፈልጋሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ቤተሰብ የፈረሰበት፣ ሐያእ የጠፋበት አገር ነው ብዬ እንዳረጋግጥላቸው ይጠብቃሉ። ሁለቱንም ወገን ሳሳዝን ዓመታት ስላለፉ ያየሁትን በጽሑፍ ላስቀምጠው አሰብኩ።

የሄድኩት በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ያረፍኩባት ከተማ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ኮሎምበስ ነበረች። ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ ብዙ ሱማሌዎች የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ሒጃብ ለባሽ ማየት ለነዋሪዎቿ ብርቅ አይደለም። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ፣ ነሐሴ 15 ቀን፣ ፀሐይ ተጋረደች። ተማሪው ሁሉ የወረቀት መነጽር አድርጎ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ እኛ ጥቂት ሙስሊሞች ዛፍ ሥር ሶላተል ኩሱፍ ሰገድን። ዞር ብሎ ያየን እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑ ሰማይ ላይ ነበር።

ወደ ክፍል ልግባ፤ መምህር ስለሆንኩ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ እግሩን ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ሳንድዊች እየገመጠ፣ ፀጉራቸው የሸበተውን ፕሮፌሰር በስማቸው ጠርቶ «በዚህ አልስማማም» ሲላቸው ሰማሁ። ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ። እኔ ያደግሁት ኡስታዙ ሲገቡ ከምንጣፍ ተነስተው በሚቆሙ፣ ሉሓቸውን በሁለት እጃቸው በሚያቀብሉ ልጆች መካከል ነው። ፕሮፌሰሩ ግን አልተቆጡም። «ለምን? ከየትኛው ገጽ ተነስተህ?» አሉት። ልጁ መጽሐፉን ገልጦ አሳያቸው፤ ለካ አንብቦ ነው የመጣው። ሴሚስተሩ ሲጀመር የየዕለቱ ንባብ በዝርዝር ይሰጣል፤ ሳያነቡ መጥቶ መቀመጥ ያሳፍራል።

ውሎ ሲያድር ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ገባኝ። በወሎ የዒልም ማዕከላት፣ በዳናም ሆነ በጌታ፣ ደረሳው ሸኹ ዘንድ ለቂርኣት ከመቅረቡ በፊት ኪታቡን ሙጣለዓ ያደርጋል፤ ያልገባውን ለይቶ ይዞ ይቀርባል። መምህር የሚያጽፍ፣ ተማሪ የሚገለብጥ ብቻ የሆነው በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ነው፤ እኔም እዚያው አስተምራለሁና ከማንም አልሰማሁትም። ከተመለስኩ ወዲህ ተማሪዎቼን ንባቡን ከአንድ ቀን በፊት እሰጣቸዋለሁ። ስሙንም ሙጣለዓ ብዬዋለሁ፤ ክርስቲያን ተማሪዎቼም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሳንድዊቹን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ፕሮፌሰሩንም በስማቸው መጥራት እስከ መጨረሻው አልሆነልኝም። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የሚል ቃል ስለሌለው «ፕሮፌሰር» የምትለዋን በየዓረፍተ ነገሩ እየጨመርኩ ተወጣሁት።

ሶላትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዩኒቨርሲቲው ለየትኛውም እምነት ክፍት የሆነ ጸጥ ያለ ክፍል ነበረው። መስገጃው ታጥፎ ተቀምጧል፤ የቂብላውም አቅጣጫ በቀስት ተመልክቷል። ደሴ ላይ ቂብላችን ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ እዚያ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሬ መቆም ነበረብኝና ለብዙ ቀናት የሆነ ነገር የተሳሳትኩ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ የባሰው ሰዓቱ ነው። እኛ ዘንድ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እዚያ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ይገባል፤ ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በክፍለ ጊዜ መካከል ይጠባበቃሉ። የ2010 ረመዷን ሲገባ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ተይዞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው የሚፈታው። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት የመጀመሪያዎቹን ቀናት እዚያው ጾምኩ። አንድ ቀን እግሬን መታጠቢያው ላይ ሰቅዬ ውዱእ ሳደርግ አንዲት ልጅ ገብታ ደንግጣ ቆመች። ነገርኳት። በማግሥቱ ጓደኛዋን ይዛ መጥታ «ይኸውልሽ፣ ከጸሎት በፊት ነው የሚያደርጉት» እያለች ስታስረዳ ሰማኋት።

እውነቱን ለመናገር ያ ክፍል አስለቅሶኛል። አገሬ ዩኒቨርሲቲ ስማር ለሶላት ከግቢ ወጥተን የምንሮጥ ነበርን፤ ለፈጅር በር እስኪከፈት ስንጠብቅ ሰዓቱ የሚያመልጠን ቀን ጥቂት አልነበረም። የማላውቀው ሕዝብ የሰጠኝን የገዛ ወገኔ ለምን ነፈገኝ ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ግን እዚህ ላይ ብቻ ማቆም አልችልም። ክፍሌን የምትጋራኝ የሱማሌ ልጅ እናቷ ናይሮቢ ተቀምጠው ቪዛ ይጠባበቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሱማሌን ጨምሮ በአብዛኛው ሙስሊም በሆኑ አገሮች ዜጎች ላይ የጉዞ እገዳ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳው ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ ፈቀደ። ያን ዕለት ልጅቷ ያንኑ ክፍል ዘግታ ከዙህር እስከ መግሪብ ተቀመጠች። እገዳው በ2021 ተሻረ፤ በ2025 ደግሞ ሱማሌን ያካተተ ሌላ ወጣ። የምሰግድበትን ክፍል የሰጠኝም፣ የጓደኛዬን እናት በር ላይ ያስቀረውም ያው አንዱ አገር ነው።

ከደሴ የሄደ ሰው ግን የሚናፍቀው ሌላም ነገር አለ። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲሆን ለእስላሙ እንግዳ በእስላም እጅ የሚታረድ በግ ይለያል፤ ለክርስቲያኑም እንዲሁ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ኮሎምበስ ውስጥ የጎንደር ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት ቤታቸው ሲጠሩኝ ሥጋውን ከሱማሌዎች ሐላል ሱቅ ገዝተው፣ ደረሰኙን ከድስቱ አጠገብ አስቀምጠው ጠበቁኝ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ያን ደረሰኝ ዛሬም ቁርኣኔ መካከል አስቀምጬዋለሁ።

አሜሪካን አንድ ወጥ ባህል አድርጎ የሚያወራ ሰው ደግሞ የሆልምስን ወረዳ ቢያየው ደስ ይለኛል። ከኮሎምበስ ብዙም አይርቅም፤ አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች በብዛት የሚኖሩበት ነው። መኪና አይነዱም፤ መንገዱ ላይ የሚያልፈው በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው። ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ። ልጆቻቸው ከ8ኛ ክፍል በላይ አይማሩም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 የወላጆቹን የሃይማኖት ነፃነት ጠቅሶ ፈቅዶላቸዋል። አብረውኝ የነበሩት ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ ግን ስለ አባቴ አባት አስብ ነበር። እሳቸውም «አስኳላ ልጅን ከዲኑ ያወጣል» ብለው አባቴን ከ4ኛ ክፍል አስቀርተውታል። አባቴ በተራው ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት እያመላለሰ ሁለቱንም አስተማረኝ። የአያቴን ሥጋት አልንቅም፤ የኮሎምበስ ሱማሌ አባቶች ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲመልሱላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ያንኑ ሥጋት ነው። ነገር ግን ያቺን ጋሪ ላይ የተቀመጠች የ14 ዓመት ልጅ ሳይ፣ እኔ አባቴ ባይደፍር ኖሮ የት እሆን ነበር አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየመድረኩ ስለ ምዕራባውያን ሲነሳ «ወላጆቻቸውን ጧሪ ቤት ይጥላሉ» ይባላል። እኔም ይህንኑ ይዤ ነበር የሄድኩት። ፕሮግራሙ ለየተማሪው አንድ የአካባቢውን ቤተሰብ ያስተዋውቃል፤ ለእኔ የደረሱኝ የ81 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነበሩ፤ የሚኖሩትም በአረጋውያን መኖሪያ ነው። ኮሪደሩ ላይ በየበሩ የነዋሪው የወጣትነት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የሚደገፉበት ባለ አራት እግር ምርኩዝ ወለሉን እንዳይጭረው ጫፉ ላይ የቴኒስ ኳስ ተሰክቶበታል። እራት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ልጃቸው እሑድ እሑድ በተወሰነ ሰዓት ይደውላል፤ ስልኩ ከመጮሁ በፊት ሴትየዋ ፀጉራቸውን ያበጥራሉ። ይህን ሳይ ልቤ ተሰበረ፤ የተባለው ሁሉ እውነት ነው አልኩ።

አንድ ቀን ግን ደፍሬ ለምን ከሴት ልጃቸው ጋር እንደማይኖሩ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ነርስ ናት። ገርሟቸው አዩኝና ለእኔ ብላ ሥራዋን እንድትተው እንዴት እጠይቃታለሁ አሉኝ፤ እሳቸው የራሳቸውን እናት ሲያስታምሙ ስድስት ዓመት ከማስተማር ርቀው እንደነበር ነገሩኝ። ወጪውን የሚሸፍኑት ከመምህርነት ጡረታቸውና ቤታቸውን ሸጠው ካስቀመጡት ነው። ቀጥለውም «ያንቺን አያት ማን ይንከባከባቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

በኩራት «እኛ ጋ ቤተሰቡ ነው የሚንከባከበው» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ቤተሰቡ ማለት ማን ነው? አያቴን የሚያጥባት፣ የሚያበላት፣ ሌሊት የሚያገላብጣት እህቴ ናት። አያቴ እግሯ ሲያዝ እህቴ 10ኛ ክፍል ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄደችም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት፣ ወንድሜ ሱቅ የከፈተው፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ቤተሰብ ነው» የሚለን በእሷ ትከሻ ነው። አያቴ ዕድሜ ልኳን ሰኞ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ኖራ ጡረታ የሚባል ነገር አያውቃትም፤ ጡረታዋ የልጅ ልጇ ሆነች። አሮጊቷ መልሴን ይጠባበቃሉ። «እህቴ» አልኳቸው። «ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ። «ሃያ ሁለት።» ሌላ አልጠየቁኝም፤ ሻይ ቀዱልኝ።

ጧሪ ቤት ይሻላል እያልኩ አይደለም። ያን ኮሪደር ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ የወላጅም ሐቅ በእኛ ላይ ከባድ ነው። ነገር ግን ሐቁ በልጆች ሁሉ ላይ የተጻፈ ሆኖ ሳለ በተግባር ከሴቶቹ መካከል በአንዷ ላይ ጥለነው፣ እሱኑ ባህላችን ብለን ፈረንጅ ላይ ስንኩራራ ማየት ከዚያ ወዲህ አስቸግሮኛል።

በሰኔ ወር እንደተመለስኩ ነገሩን ቤት ውስጥ አነሳሁት። ቀላል አልነበረም። ወንድሜ «አሜሪካ ቆይተሽ አያትሽን ጧሪ ቤት ልትወስጂ ነው?» ብሎ ተቆጣ፤ እናቴም «ሰው ምን ይለናል» አለች። ለሳምንት ያህል አኮረፍን። በመጨረሻ አያቴ ራሷ ከመደቡ ላይ ሆና ሁላችንንም ጠራችን። «ይቺ ልጅ ከቤት የማትወጣው በእኔ ምክንያት ከሆነ አላህ ፊት ምን ልል ነው?» አለች። ያን ቀን ተራ አወጣን።

በ2011 መስከረም እህቴ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። የወንድሜ ተራ ማክሰኞና ሐሙስ ሆነ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ለአያቴ ቡና አፈላለሁ ብሎ ቆላውና አሳረረው፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ። አያቴ ስኒውን ተቀብላ አንድ ፉት አለችና «ጨው አምጣ» አለችው።