ቀለህ

ኬንታኪ ሳለሁ ያከራዩኝ ጡረተኛ ሽማግሌ የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም። ሽኮኮ አዳኝ ናቸው፤ የኛን የዓለቱን ሳይሆን ጭራ ረጅሙን፣ የዛፉን። ጠመንጃቸው ቀጭኗ ፎር ቴን ናት፤ ጥይቷ ከትልቁ ከ12 ቁጥሩ ትወደዳለችና ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ራሳቸው ይሞላሉ። አዲስ መለኮሻ፣ ባሩድ፣ የፕላስቲክ ውታፍ፣ ከዚያ 14 ግራም ርሳስ፤ 6 ቁጥር ከሆነ 110 ፍሬ ገደማ። አፉን አጥፎ መዝጋት ነው።

ባሩዱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከበዛ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል። ዓይናቸው ስለደከመ ሚዛኑን የማነበው እኔ ነበርኩ። «ስንት ይላል፣ ልጄ?» ይሉኛል፤ ነገ ጉንጫቸውን የሚያስጠጉት እኔ ባልኩት ቁጥር ላይ ነው። ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ እንኳ እንዲያ ትንፋሼን ውጬ አላውቅም።

ሥጋውን፣ ወገኖቼ፣ አልቀመስኩም።