ቀንድ አውጣ ይበላል እንዴ?

ነገሩ የመጣው አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት የሰንበቴ የእሁድ ገበያ ነው። አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ ፈረንሳይ ኖሮ የመጣ ነው። ሻይ ቤት አረፍ እንዳልን «ፓሪስ ቀንድ አውጣ በላሁ» አይለኝ መሰላችሁ! ለጥቂት ቀናት ምግብ ከልክለው ሆዱን ያጸዱታል፤ ከዚያ ቀቅለው በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ከነቅርፊቱ ያቀርቡታል አለኝ።

«ይጣፍጣል?» ስለው፣ «የሚጣፍጠውስ ቅቤው ነው» አለ።

«ኤጭ! እንዴት ወረደልህ?» ብዬ ሳቅኩበት።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጨዋታችንን ሰምተው ኖሮ፣ የግመል ወተት በጣሳ ዘረጉልኝ። «እንካ ልጄ፣ ቅመስ።»

እኔ ባደግኩበት ቤት የግመል ሥጋውም ወተቱም አይነካም። ሳላስበው ፊቴን አኮማተርኩ። የአዛውንቱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ወዳጄም ቀበል አድርጎ «ፈረንጁም ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ ሲያይህ ፊቱ እንዲሁ ነው» አለኝ።

መቼም ሆድ የሚያውቀው የለመደውን ነው። ወተቱን አልጠጣሁም፤ ግን «ይቅርታ አባባ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ሻይ አዘዙልኝ።

እናንተም ሰንበቴ ከሄዳችሁ፣ «አልበላም» ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ፊት ማኮማተሩ ነው።